የቡና አተላ ማዳበሪያ አይደለም

ምክሩን ያልሰማ ቡና ጠጪ አርባ ምንጭ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ሲቀመጥ አንዱ ስልኩን ያወጣና በቴሌግራም የደረሰውን ያነባል፦ የቡና አተላ አትድፉ፣ ማዳበሪያ ነው፤ ለፓፓያው ሥር አፍስሱት፣ ለጎመኑ በትኑት፣ ጽጌረዳውን አልብሱት። የሚቃወም የለም። በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ጀበናው ውስጥ የቀረው ጥቁር ዝቃጭ እንደ ድሮው ቦይ ውስጥ አይደፋም፤ ችግኝ ሥር ይገለበጣል። የገለበጠችው እናትም ለጓሮዋ መልካም እንዳደረገች ታምናለች።

ይህ ምክር ስህተት ነው። የቡና አተላ ማዳበሪያ አይደለም። ወደ ማዳበሪያነት ሊለወጥ ይችላል፤ በአተላውና በማዳበሪያው መካከል ግን ወራት፣ ሌሎች ተረፈ ነገሮችና የሰው ሥራ አሉ። ምክሩ እነዚህን ሦስቱን ዘሎ ውጤቱን ብቻ ቃል ይገባል። የአንድ ጀበና አተላ ነገር ነው፣ ቢታለፍ ምን አለበት የሚሉኝ አሉ። ልናልፈው አይገባም እላለሁ፤ ምክሩ የሚነገረው ጋሞ ውስጥ ነውና። በቤት ተረፈ ነገርና በፍግ አፈርን ጠብቆ ማቆየትን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቅ ሕዝብ፣ በገዛ እናቶቹ እጅ ያለውን እውቀት ትቶ ከስልክ እየተማረ ነው። የሚማረውም የተሳሳተውን ነው።

በቅድሚያ ተክሉ ላይ የሚደርሰውን እንይ። እ.ኤ.አ በ2016 ሃርድግሮቭና ሊቭስሊ የተባሉ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ሜልቦርን ቡና ቤት የሞላባት የአውስትራሊያ ከተማ ናት፤ አተላውን ጓሮ ላይ መበተንም እዚያ የተለመደ ነገር ሆኗል። ተመራማሪዎቹ ብሮኮሊ፣ ባሮ ሽንኩርትና የፈረንጅ ሱፍን የመሳሰሉ አምስት ተክሎችን መርጠው፣ በተለያየ ዓይነት አፈር ላይ፣ አተላውን በተለያየ መጠን እየቀላቀሉ፣ ማዳበሪያ ጨምረውም ሳይጨምሩም ሞከሩ። ጥሬ አተላ የተቀላቀለበት አፈር ላይ የበቀሉት ቀጨጩ። አፈሩ አሸዋማ መሆን አለመሆኑ ለውጥ አላመጣም። ማዳበሪያ መጨመርም አላዳናቸውም። አንድ ነገር ግን ተሻሽሎ ነበር፤ አፈሩ ውሃ የመያዝ አቅሙ ጨምሯል። የአተላው ደጋፊዎች ይህን ሲናገሩ እውነታቸውን ነው። የቀጨጨው ግን ያ ውሃ የቀረበለት ተክል ነው።

ማዳበሪያ ተጨምሮለትም ካልዳነ የጎደለው ምግብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ጣት የሚጠቆመው አተላው ውስጥ ወደሚቀሩት፣ ሥርን ወደሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ነው፤ ካፌይንና ከእሱ ጋር የሚገኙ መራራ ውሁዶች። የቡና ተክል ካፌይንን የሚሠራው እኛን ለማንቃት አይደለም፤ ቅጠሉንና ፍሬውን ከሚበሉ ነፍሳት ይከላከልበታል። የወደቀው ቅጠልና ፍሬ አፈር ውስጥ ሲገባም በአካባቢው የሌሎች ዘሮችን መብቀል ያዳክማል። ስለዚህ አዲስ የተዘራ መደብ ላይ ጥሬ አተላ መበተን፣ ቡና ጎረቤቱን ለማራቅ የሚጠቀምበትን መሣሪያ በገዛ ዘራችን ላይ ማዞር ነው። ጎመኑ አልበቅል ሲል ዘሩ ይታማል፣ ነጋዴው ይታማል። አተላው ግን አይጠረጠርም።

ሁለተኛው ጉዳት ለዓይን የሚታይ ነው። በሙቀጫ የተወቀጠም ሆነ ወፍጮ ቤት የተፈጨ የጀበና ቡና ደቃቅ ነው። እርጥቡን ወፈር አድርገው ችግኝ ሥር ሲያለብሱት በአርባ ምንጭ ፀሐይ ጥቂት ቀን ይበቃዋል፤ ይጋገርና ቅርፊት ይሠራል። ከላይ ያፈሰሱት ውሃ ቅርፊቱ ላይ ይንከባለልና ወደ ጎን ይሄዳል። ያን ጊዜ ቅርፊቱን በጣት ሰብሮ ሥሩን ማየት ነው፤ አፈሩ ደርቆ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ በቁም ነገር ልሰማው የሚገባኝ ተቃውሞ አለ። የሜልቦርን አተላ በማሽን አንዴ የተጨመቀ ነው፣ የእኛ ግን አቦል፣ ቶናና በረካ የወጣበት ስለሆነ መርዙ ሁሉ ተጠጥቶ አልቋል ይላሉ። በከፊል ትክክል ነው። ካፌይን በፈላ ውሃ በደንብ ስለሚሟሟ አብዛኛው ከአቦሉ ጋር ይወጣል፤ ሦስቴ የፈላ አተላ ከኤስፕሬሶ አተላ የለዘበ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሦስት ነገር ተረስቷል። ቀላል መሆን ባዶ መሆን አይደለም፤ መራራዎቹ ውሁዶች እንደ ካፌይኑ በቀላሉ አይወጡም። ሁለተኛ፣ ከተማ ውስጥ ብዙ አተላ የሚያወጡት የመንገድ ዳር የጀበና ቡና ሻጮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ደንበኛ እንዳይሸሽ ቡናውን ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። ከእነሱ የሚገኘው አተላ ወደ አቦል እንጂ ወደ በረካ አይቀርብም። ሦስተኛው ጨው ነው። በገጠሩ ቡና በጨው፣ አንዳንዴም በቅቤ ይጠጣል። ጨው ጀበናው ውስጥ በሚጨመርበት ቤት አተላው ጨው ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ያንን በየቀኑ አንድ ችግኝ ሥር ማፍሰስ ምን እንደሚያደርግ ለአርባ ምንጭ ዙሪያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጨዋማ መሬት ምን እንደሆነ በዓይኑ አይቷል።

እሺ፣ ጉዳቱን እንተወው። ምንም እንደማይጎዳ እንቁጠርና ጥቅሙን እናስላ። በወር 1 ኪሎ የተቆላ ቡና የሚጠጣ ቤት እንውሰድ። በዓመት 12 ኪሎ ነው። ሲፈላ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ወደ ሲኒው ይሄዳል፤ 9 ኪሎ ገደማ ደረቅ አተላ ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ናይትሮጅን የሆነው 2 በመቶ ያህል ስለሆነ 180 ግራም ይደርሳል። ከዩሪያ ክብደት 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ የሙሉ ዓመት የቡና አተላ፣ ከናይትሮጅን አንጻር፣ 400 ግራም ዩሪያ የማይሞላ ነገር ነው። 50 ኪሎ ከሚይዘው ጆንያ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛው። ያውም ዩሪያው ውሃ ሲያገኝ ወዲያው ይሟሟል፤ የአተላው ናይትሮጅን ግን ፕሮቲን ውስጥ ተቆልፎ፣ የአፈር ተሕዋስያን ቀስ በቀስ እስኪፈቱት ወራት ይጠብቃል። ፖታሲየሙማ አብዛኛው ከቡናው ጋር ተጠጥቷል። በሳምንት ለውጥ ታያላችሁ የሚለው የምክሩ ቃል ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከአተላው ግን ሊመጣ አይችልም።

ሌላው የምክሩ ክፍል አፈሩን ራሱን የሚመለከት ነው። አተላው አሲዳማ ስለሆነ ለቆላው አፈር መድኃኒት ነው ይባላል። አሲዱ በአብዛኛው ቡናው ውስጥ ይቀራል። የአተላ አሲዳማነት በፒኤች ሲለካ፣ በተለይ እየበሰበሰ ሲሄድ፣ ከ4.6 እስከ 8.4 ሲዋዥቅ ተገኝቷል፤ ይህም ከአሲዳማ እስከ አልካላይን ማለት ነው። እንዲህ የሚዋዥቅ ነገር የአፈር መድኃኒት ተብሎ ሊታዘዝ አይችልም። ጨዋማ አፈር ደግሞ በአሲድ ጠብታ አይድንም፤ ጨዉን አጥቦ የሚያወርድ በቂ ውሃና የሚወጣበት ማፋሰሻ ይፈልጋል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሲወጣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ይደረሳል፤ አፈሩም ከነችግሩ ይለወጣል። ደጋው ዝናብ አጥቦት አሲዳማ የሆነና ኖራ የሚለመንለት ነው። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዳር ደግሞ ሙቀትና ትነት ጨው የሚያወጣበት ነው። ለጨንቻው ፖምና ለላንቴው ሙዝ አንድ ዓይነት ምክር የሚሰጥ ሰው አንዱንም አፈር አላየም።

ስለ አተላው የሚነገሩትን ሌሎች ምክሮች፣ ፊት ማሸቱን፣ ድስት መፈግፈጉን፣ ፍሪጅ ውስጥ ሽታ እንዲይዝ ማስቀመጡን አልነካም፤ የሚፈልግ ይሞክረው፣ አተላው ማጠቢያ ቧንቧ ውስጥ እስካልገባ ድረስ። አንዱን ግን ዝም ልለው አልችልም። ደረቅ አተላ ማታ ማታ ቢጨስ ቢምቢ ያባርራል፣ አጎበር አያስፈልግም የሚለውን። አርባ ምንጭ የወባ አገር ናት። እ.ኤ.አ በ2024 ኢትዮጵያ ውስጥ በወባ የተያዙት ከ7 ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ በ2003 ብራዚል ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ካፌይንና የቡና አተላ ያለበት ውሃ የትንኝ እጭ እንዳያድግ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ጥናቱ እውነት ነው። ነገር ግን የተሞከረው ኤዴስ በተባለችው፣ የደንጊ በሽታን በምታስተላልፈው ትንኝ ላይ ነው። አርባ ምንጭ አካባቢ ወባ የምታስተላልፈው በዋናነት አኖፌለስ አራቢየንሲስ ናት፤ እሷም ፀሐይ በሚያገኘው ኩሬና የሰኮና ዱካ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። የተሞከረውም በዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ላይ እንጂ በጭስ አይደለም። ከላቦራቶሪ የወጣው ነገር ስልክ ላይ እስኪደርስ ትንኟም ተለውጣለች፣ መንገዱም ተለውጧል። ጭሱን አምኖ ልጁን ያለ አጎበር የሚያስተኛ አባት የሚከፍለው ዋጋ ከደረቀ ችግኝ ጋር አይወዳደርም። ይህን መልእክት የሚያስተላልፍ ሰው ከማስተላለፉ በፊት ሊያቆመው ይገባል።

ወደ አፈሩ ልመለስ፤ ዋናው ነገሬ እዚያ ነው።

ከጨንቻ ወደ ዶርዜ፣ ከዚያም ወደ ዲታና ቦንኬ ደጋ የወጣ ሰው በየቤቱ ዙሪያ የቆመውን እንሰት አይቷል። ያ እንሰት ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። ከብቱ ማታ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ያድራል። የእንሰት ቅጠል፣ ሣርና የወጥ ቤት ተረፈ ነገር እግሩ ሥር ይገባል፤ ከእበቱና ከሽንቱ ጋር ይረገጣል፣ ይቀላቀላል፣ ይሞቃል። ጠዋት ሴቲቱ ጠርጋ ታወጣውና ክምር ላይ ትጨምረዋለች። ክምሩ ይበስላል። ሲበስል በቅርጫት ተሸክማ ወደ እንሰቱ ትወስደዋለች፤ ከተረፈ ለገብሱ ማሳ ይሄዳል። እንሰቱ ደግሞ ቅጠሉን መልሶ ለከብቱ ይሰጣል። በጋሞ ደጋ ከብት ለወተቱ ብቻ አይረባም፤ ለፍጉም ይረባል፤ ፍግ የሌለው ቤት እንሰቱ ሲከሳ ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። በአንዲት ጠባብ ቁልቁለት መሬት ላይ ይህን ያህል ሕዝብ ትውልድ በትውልድ ሲኖር አፈሩ ያላለቀው በዚህ ነው፣ በድንጋይ እርከኑም ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥሬ ነገር ተክል ሥር አይደርስም። ትኩስ እበት እንሰት ሥር አይጣልም። ቅጠሉም፣ ልጣጩም፣ የቡናው አተላም፣ ቡና ቅጠሉን ቀቅሎ በቅመም በሚጠጣው ቤት የሚተርፈው የተቀቀለ ቅጠልም መጀመሪያ ክምሩን ያልፋል። ክምሩ ውስጥ ሙቀቱና ተሕዋስያኑ ሥራቸውን ይሠራሉ። ካፌይኑ ይፈርሳል፤ መራራው ይጠፋል፤ የተቆለፈው ናይትሮጅን ተክል ወደሚወስደው መልክ ይመጣል፤ ደቃቁ አተላ ከገለባውና ከሣሩ ጋር ስለሚደባለቅ አይጋገርም። የሜልቦርን ተመራማሪዎች ጥሬ አተላን ሲሞክሩ የደረሱበትን ማስጠንቀቂያ የጋሞ ደጋ ሴት በየዕለቱ ሥራዋ ውስጥ ይዛዋለች። በጽሑፍ ስላልወጣ እውቀት አይደለም የሚል ካለ፣ እንሰቱን ሄዶ ይይ።

አያቴ ግን አተላውን ጌሾው ሥር ትደፋው ነበር፣ ጌሾውም ለምልሞ ነበር የሚሉ አሉ። አምናለሁ። የጓሮውን ሁኔታ ግን በትክክል እናስታውሰው። አያት የምትደፋው አንድ ቦታ ላይ ሳትለዋውጥ አይደለም፤ ዶሮ ይጭረዋል፣ የተጠረገው ሣርና ቄጠማ ይወድቅበታል፣ ከምድጃ የወጣ አመድ ይጨመርበታል፣ በግ ያድርበታል። ጌሾው ሥር የነበረው አተላ ብቻ አልነበረም፤ ሳይባል የተሠራ ክምር ነበር። ጌሾውም ሥሩን የሰደደ ትልቅ ተክል እንጂ ትናንት የተተከለ ችግኝ አልነበረም። ዛሬ ምክሩን የሚከተለው ከተሜ በግ የለውም፣ ዶሮ የለውም፣ ሣር የለውም። የአያቱን ጓሮ ትቶ አተላዋን ብቻ ወስዷል።

ክምሩ የሚሠራ ነገር መሆኑ በአገራችን በሌላ ቦታም በአደባባይ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ሥራ ጀመሩ። መሬቱ የተራቆተ ነበር። መፍትሔ ያሉት ኮምፖስት፣ አፈርና ውሃን መያዝና ልቅ ግጦሽን መግታት ነበር። በአራት ቀበሌዎች የተጀመረው ሥራ እየሰፋ ሄደ፤ ኮምፖስት የተደረገበት ማሳም ከሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ጋር የሚወዳደር፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጠ። ዶክተር ተወልደ እ.ኤ.አ በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እነዚያ ገበሬዎች ገለባውንም እበቱንም እንዲሁ ማሳ ላይ አልበተኑም፤ ቆፍረው፣ ደርድረው፣ አርጥበው፣ አገላብጠው ነው። የሚሠራው ቁሱ ብቻ ሳይሆን ሂደቱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአባቶች ቃል የተነገረው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ታዲያ አተላውን እንጣለው ወይ? በፍጹም። አተላን ቦይ ውስጥ መድፋት ጥሬውን ችግኝ ሥር ከመድፋት አይሻልም። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን የምንጠጣ ሕዝብ ነን፤ የውጭው ቡና አተላ ሐምቡርግና ቶኪዮ ይቀራል፣ የእኛው ግን እዚሁ ነው ያለው። ቦታው ክምሩ ውስጥ ነው፣ እዚያም እንደ እንግዳ እንጂ እንደ ባለቤት አይደለም። ከጠቅላላው ክምር በመጠን አንድ አምስተኛ ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ክምሩ ይታፈናል። የቀረው ደረቅና ሻካራ ነገር መሆን አለበት። አርባ ምንጭ ይህ አልጎደላትም። ምርቱ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው የሙዝ ግንድና ቅጠል፣ የሽፈራው ዝንጣፊ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የጫት ገራባ፣ በወቅቱ ደግሞ የማንጎ ልጣጭ። ተከትፎ፣ ንብር በንብር ከእርጥብ ነገርና ከፍግ ጋር ተደርድሮ፣ ጥላ ሥር ሆኖ፣ ሲጨመቅ ውሃ በማያንጠባጥብ መጠን ረጥቦ፣ በየጥቂት ሳምንቱ ተገላብጦ በቆላው ሙቀት በጥቂት ወራት ይደርሳል። ደጋ ላይ ብርዱ ስላለ ይቆያል። ሲደርስ አተላው ከአፈሩ አይለይም፣ ሽታውም የጫካ አፈር ሽታ ይሆናል። አተላው አሁንም የሚታይ ከሆነ አልደረሰም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን ክምሩ ራሱ ይፈልጋል። የከሰል ምድጃውን አመድ ከትኩስ ፍግ ጋር አንድ ላይ አትጨምሩ፤ አመዱ አልካላይን ስለሆነ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ተንኖ ይሄዳል። አመዱ ለብቻው ተቀምጦ ለጨንቻው አሲዳማ አፈር ይጠቅማል፤ ለሐይቁ ዳር አፈር ግን አይበጅም። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። አጠውልግ የያዘው እንሰትም ሆነ ሙዝ ቅጠሉም ግንዱም ክምር ውስጥ አይግባ። ይህ የባክቴሪያ በሽታ እንሰት ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ በ1968 ኢትዮጵያ ውስጥ በሳይንስ ተመዝግቦ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሙዝ ላይም ታይቷል፤ ዛሬም የጋሞ ቤተሰብ የስንት ዓመት ድካም በአንድ ወቅት የሚያጠፋ ነው። የታመመው ተለይቶ ይቀበራል፣ ቢላውም በእሳት ይነካል። የቴሌግራሙ ምክር እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ የጓሮን ተረፈ ነገር ሁሉ እንደ በረከት ስለሚያይ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሸክሙ የማን እንደሆነ ነው። ምክሩ ሁሉ የሚነገረው ለሴት ነው። ቡናውን የቆላችው፣ የወቀጠችው፣ ያፈላችው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ አተላውን ለይታ አድርቃ በየተክሉ እንድታካፍል ይነገራታል። 400 ግራም ዩሪያ ለማይሞላ ነገር። የደጋዋ እናት ፍግ ስትሸከም ቢያንስ ውጤቱን በእንሰቷ ታየዋለች። የከተማዋን እናት ግን በማይሠራ ሥራ ማድከም ግፍ ነው። ሥራው የቤት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም፤ የሰፈርና የከተማ ሊሆን ይገባል። በአገራችን ከተሞች ከሚጣለው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የቆሻሻ መጣያው ቆሼ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ የቀበረው ክምር በአብዛኛው ወደ አፈር ሊመለስ የሚችል ነገር ነበር። አርባ ምንጭ እዚያ ሳትደርስ የመለየት ዕድል አላት።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ አባያ። ከሁለቱ ሐይቆች አባያ የቀላው ጎርፍ ተሸክሞት በሚገባው ደለል ነው። ከደጋው የሚወርዱት የሐሬና የባሶ ወንዞች አፈር ይዘው ይገባሉ፤ ኩልፎም ከተማዋን አቋርጦ ወደ ጫሞ ያወርዳል። ኮምፖስት ያልገባበት፣ እርጥበት የማይዝ አፈር በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይሄዳል። ስለዚህ የክምሩ ነገር የጽጌረዳ ነገር አይደለም። ደጋው ላይ ፍግ እየቀነሰ፣ ግጦሽ እየጠበበ፣ ከብት እያነሰ ባለበት ጊዜ ከተማው የሚጥለውን የሚበሰብስ ነገር አብስሎ ለመሬት መመለስ የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ውስጥ የቡና አተላ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መሆኑ ግን ተለይቶ ለመሰብሰብ ከሁሉ ይቀላል ማለትም ነው።

እዚህ ላይ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የአርባ ምንጭ ግብርና ምርምር ማዕከል ድርሻ አላቸው። የሜልቦርኑ ዓይነት ሙከራ በጀበና አተላ፣ በሐይቁ ዳርና በጨንቻ አፈር፣ በጎመን፣ በሽፈራውና በእንሰት ችግኝ ይሠራ። ሦስቴ የፈላው ከአንዴ ከፈላው ጋር፣ ጥሬው ከበሰለው ጋር፣ ጨው ያለበት ከሌለበት ጋር ይነጻጸር። ወጪው ትንሽ ነው፤ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ሊሠራው ይችላል። ውጤቱም በአማርኛና በጋሞኛ ተጽፎ በዚያው በቴሌግራም ይለቀቅ፤ የተሳሳተው በተሰራጨበት መንገድ የሚያርመው ይሰራጭ።

ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከጀበና ቡና ሻጮቹ ይጀምር። ሲቀላ መናኸሪያ ዙሪያና ሴቻ ገበያ የሚቀመጡት ሴቶች አተላቸውን ቀድሞም ለብቻው በባልዲ ነው የሚያጠራቅሙት፤ ለዩልን ብሎ ማስተማር አያስፈልግም። የሚጎድለው ማታ ባልዲውን ተረክቦ የሚወስድ ሰው፣ ክምሩ የሚሠራበት ጥላ ያለው ቦታ፣ ለሴቶቹ ደግሞ የሚከፈል ጥቂት ሳንቲም ወይም በምትኩ የሚሰጥ የበሰለ ኮምፖስት ነው። በጽዳት ማኅበር የተደራጁ ወጣቶች አሉ። ሙዝ የሚጫንበት ቦታ ግንድና ቅጠል ያለ ዋጋ ይገኛል። የማንጎው ወቅት ደርሶ ልጣጩ መንገድ ላይ ሳይሞላ ሥራው ይጀመር።